ልጃችሁ ጎረመሰ፣ ከዛስ? የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው ልጆችና ወጣቶች ስለ ሰውነት፣ ስለ ፍቅርና ስለ ጤና ደረጃ በደረጃ ማስተማሪያ

ኦቲዝም፣ ዳውን ሲንድሮም ወይም በጥቅሉ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ልጅ ያላቸው ወላጆች ሲገናኙ ወሬ አያልቅባቸውም፣ ትምህርት ቤት አገኛችሁ ወይ፣ መናገር ጀመረ ወይ፣ እንቅልፉስ፣ ምግቡስ... ልጁ 12 እና 13 አመት አካባቢ ሲደርስ ግን አንድ ርእስ ላይ ሁሉም ጸጥ ይላል። ድምጹ ጎርንኗል፣ ጡቷ አጎጥጉጧል፣ ቤቱ ግን እንዳላየ ያልፈዋል። ከተነሳም ሁለት ነገር ነው የሚባለው፦ "ኧረ እሱ ህጻን ነው ምን ያውቃል" ወይም "ካወራንላት ትነቃለች፣ ባንነካካት ይሻላል"። ሁለቱም ስህተት ናቸው። አእምሮው ቀስ ብሎ ቢያድግም ሰውነቱ አይጠብቀውም፣ ጉርምስናው በአብዛኛው ከእኩዮቹ ጋር ነው የሚመጣው።

እኔን ግን ከዝምታው በላይ የሚያሳስበኝ ታዛዥነቱ ነው። እነዚህን ልጆች ከትንሽነታቸው ጀምሮ የምናሰለጥናቸው "እሺ" እንዲሉ ነው፣ ቁጭ በል ሲባል ቁጭ፣ ልብስሽን አውልቂ ስትባል ማውለቅ፣ እንግዳ ሳም ሲባል መሳም። ጥሩ ልጅ የሚባለው ዝም ብሎ የሚታዘዘው ነው። እንግዲህ በማንም ሰው እጅ ለመታጠብና ለመልበስ የለመደ፣ እምቢ ሲል የተቆጡት፣ የሆነውንም ለመናገር ቃል የሌለው ልጅ ለአጥቂ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ አስቡት። ስለዚህ ከታች ያለው ሁሉ በአብዛኛው የተለመደውን አያያዛችንን መገልበጥ ነው።

1. መጀመሪያ ቤቱ ይስማማ

እናት "አይ" ያለችውን አያት "ተዪው ልጅ ነው" ካለች ልጁ የሚማረው ህግ እንደሌለ ነው። እናት፣ አባት፣ ታላቅ ወንድምና እህት፣ ሞግዚቷም ጭምር ቁጭ ብላችሁ ሶስት ነገር ላይ ተስማሙ፦ ምን አይነት ቃል እንደምትጠቀሙ፣ ማን ማን እንደሚያጥበውና እንደሚያለብሰው፣ እና በር ላይ ምን አይነት ህግ እንዳለ። ከዛ ልጃችሁ በምን እንደሚገባው አስቡ። አንዳንዱ በቃል ይገባዋል፣ አንዳንዱ በስእል፣ አንዳንዱ ደግሞ መቶ ጊዜ ተደጋግሞለት ነው። ረጅም ምክር አይሰራም። አጭር አረፍተ ነገር፣ ሁልጊዜ ያው ቃል፣ ሁልጊዜ ያው ቦታ። "አሳፋሪ ነገር አታድርግ" ምኑንም አይነግረውም፣ "ሱሪ የሚወልቀው ሽንት ቤት ውስጥ ነው፣ በር ተዘግቶ" ይነግረዋል።

2. የሰውነት ክፍሎችን በስማቸው

ይሄ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚያፍረው። አይን፣ ጆሮ፣ ሆድ ብለን እምብርት ላይ ስንደርስ እንዘልና ጉልበት ላይ እናርፋለን። ጡት፣ ብልት፣ መቀመጫ በሉ፣ ስድብ አይደሉም። በቤት ውስጥ ብቻ የሚታወቅ የቁልምጫ ስም ከሰጣችሁት ልጁ አንድ ቀን አስተማሪው ጋር ሄዶ "እንትኔን ነካኝ" ቢል ማን ይረዳዋል? ሀኪም ጋርም ሲያመው የት እንደሆነ መናገር አለበት። ጥሩው ጊዜ ገላ ሲታጠብ ነው፣ "አሁን ክንድ፣ አሁን ብብት፣ አሁን ብልትህን አንተው ራስህ እጠብ" እያሉ።

ንግግር የሌላቸው ልጆች ደግሞ በስእል ካርድ ወይ በታብሌት የሚግባቡ ከሆነ ካርዶቹን አንዴ ገልብጣችሁ እዩ። ውሃ አለ፣ ዳቦ አለ፣ ሽንት ቤት አለ፣ ብስኩት አለ። ብልት የለም። "አመመኝ"፣ "አቁም"፣ "እሱን አልፈልግም" የለም። በቃ ልጁ ብስኩት መጠየቅ እንጂ በደል መናገር አይችልም ማለት ነው። ዛሬውኑ ጨምሩለት።

3. ግላዊነት የሚማረው ስታከብሩለት ነው

15 አመት የሞላት ልጅ ሳሎን ውስጥ ሰው እያየ ልብሷ ሲቀየር ኖራ አንድ ቀን መንገድ ላይ ቀሚሷን ብታወልቅ የሷ ጥፋት አይደለም፣ ያስተማርናት እሱን ነው። የሷን ክፍል በር አንኳኩታችሁ ግቡ፣ ልብስ ስትቀይር በር ዝጉ፣ ከመንካታችሁ በፊት "አሁን ጀርባሽን ላጥብሽ ነው" በሉ። የምታጥባት ሴት ትሁን፣ ወንዱን ወንድ ቢያጥበው ይመረጣል፣ ካልተቻለ ግን ሁልጊዜ ያው የታወቀ ሰው ይሁን፣ ዛሬ ጎረቤት ነገ የአክስት ልጅ አይሁን። ደግሞ ራሷ ማድረግ የምትችለውን ተዉላት፣ ግማሽ ሰአት ቢፈጅም። ጸበል ስትወስዷቸውም ያው ነው፣ አብራችሁ ግቡ፣ ልብስ የሚያወልቅላቸው ከእናንተ ውጪ አይሁን።

"አንድ ክፍል ቤት ነው ያለን፣ ሽንት ቤቱም የጋራ ነው" የሚል ይኖራል፣ እውነት ነው፣ የብዙዎቻችን ኑሮ እንደዛ ነው። አልጋው ላይ መጋረጃ አድርጉ። መጋረጃው ሲዘጋ ማንም አይከፍትም፣ አባትም ቢሆን። መጋረጃው ክፍት ሲሆን ደግሞ ልብስ አይወልቅም። ለልጁ ከግድግዳ እኩል ይሰራለታል፣ ህጉ ካልተጣሰ።

4. ሰዎችን በክበብ መለየት

ወረቀት ላይ መሀል የልጁን ፎቶ ለጥፉ፣ ዙሪያውን ክበብ በክበብ አስምሩ። ቅርቡ ክበብ ውስጥ እናት አባት፣ ማቀፍና መሳም ይቻላል። ቀጥሎ አክስት አጎት፣ ትንሽ እቅፍ። ቀጥሎ አስተማሪና ጓደኛ፣ እጅ መስጠት። ቀጥሎ የሰፈር ሰው፣ ባለ ሱቁ፣ የታክሲ ረዳቱ፣ በእጅ ምልክት ሰላም ማለት ብቻ። ከዛ ውጪ የማይታወቅ ሰው፣ ምንም። የእውነት ሰዎች ፎቶ ተጠቀሙ፣ የካርቱን ስእል ብዙም አይገባቸውም። እና አንድ ሰው ከክበብ ወደ ክበብ ሊሸጋገር እንደሚችል አሳዩ፣ ፎቶውን እየነቀላችሁ።

የኛ ትልቁ ፈተና እንግዳ ነው። ቤት የገባ ሁሉ "ነይ ሳሚኝ" ይላል፣ እምቢ ካለች "ምነው ኮራሽ" ይመጣል። ልጅቷ ፊት እንዲህ በሉ፦ "እትዬ፣ አይቀየሙን፣ እሷ አሁን ሰላም የምትለው በእጅ ነው"። ሰው ይቀየም ይሆናል፣ ይቀየም። ልጅቷ ያየችው እናቷ ለሰውነቷ ስትቆምላት ነው። የዳውን ሲንድሮም ያለባቸው ደግሞ ብዙዎቹ ማቀፍ ስለሚወዱ ሁሉም "እነሱ ፍቅር ናቸው" እያለ ያቅፋቸዋል፣ በ6 አመት ቆንጆ የነበረው በ20 አመት የማያውቃትን ሴት ታክሲ ውስጥ ሲያቅፍ ዱላ ያስከትልበታል። በ20 አመቱ የማይፈቀድ ነገር በ6 አመቱም አታስለምዱት።

5. እምቢ ማለትን ማለማመድ

እምቢ ማለት በወሬ አይለመድም፣ በቀን ተቀን ነገር ነው። ሰማያዊው ሹራብ ወይስ ቀዩ? ሽሮ ወይስ ምስር? እምቢ ሲል ደግሞ በሚቻለው ነገር ላይ እምቢታውን አክብሩለት። ስታኮረኩሩት "አቁም" ካለ እጃችሁን ወዲያው አንሱ፣ እየሳቀም ቢሆን። ከዛ በጨዋታ መልክ ተለማመዱ፦ እናንተ እጃችሁን ትዘረጋላችሁ፣ እሱ "አቁም" ብሎ እጁን ዘርግቶ ይከለክላል፣ ክፍሉን ለቆ ይወጣል፣ ለአንድ ሰው ሄዶ ይናገራል። ሶስቱንም፣ ደጋግማችሁ። የሚነገራቸውን ሰዎች ሶስት አድርጓቸው፣ አንዱ ከቤት ውጪ ይሁን፣ ምክንያቱም አጥቂው ከቤት ሊሆን ይችላል፣ ብዙ ጊዜም ልጁ የሚያውቀው ሰው ነው።

ሀኪምና የሚያጥበው ሰውስ? ህጉ ይሄ ነው፦ ለጤና ወይ ለንጽህና ከሆነ፣ ምን እንደሚደረግ አስቀድሞ ከተነገረው፣ እና ሚስጥር ካልሆነ። "ለእማዬ እንዳትናገር" የተባለ መነካካት ሁሌም የሚነገር ነው።

6. ጉርምስና ሳይመጣ በፊት

*ለሴቶች።* የወር አበባ ያልተነገራት ልጅ ደም ስታይ የምትሞት ይመስላታል፣ ኦቲዝም ያለባት ደግሞ በተለይ ሞዴሱ ሰውነቷ ላይ ያለው ስሜት ራሱ ሊያስጮኻት ይችላል። ስለዚህ ጡት ማጎጥጎጥ ሲጀምር ልምምዱን ጀምሩ። መጀመሪያ ሞዴሱን በእጇ ትንካው፣ ከዛ ለ10 ደቂቃ ፓንቷ ላይ አድርጋ ትዞር፣ ከዛ ግማሽ ቀን። የት ላይ እንደሚለጠፍ እንድታውቅ ፓንቱ ላይ በማርከር ዙሪያውን አስምሩላት። ቀይ ስር ቀቅላችሁ ውሃውን ሞዴሱ ላይ ጠብ አድርጉና "እንዲህ ሲሆን እንቀይራለን" ብላችሁ አሳዩ፣ መጠቅለሉንም፣ ቅርጫት ውስጥ መጣሉንም፣ እጅ መታጠቡንም። እነዚህን በቅደም ተከተል ስእል አርጋችሁ ሽንት ቤት ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ሞዴሱ ከቆረቆራት ታጥቦ የሚደገመውን የጨርቁን ሞክሩላት። ደም እስክታይ ሳትጠብቅ በቋሚ ሰአትም እንድትቀይር አድርጉ፣ ጠዋት፣ እረፍት ሰአት፣ ምሳ፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ ማታ። ካሌንደር ላይ ምልክት ያዙ፣ ምክንያቱም መናገር የማትችል ልጅ ህመሙን የምትናገረው እጇን በመንከስ ወይ ራሷን በመምታት ሊሆን ይችላል፣ ቀኑን ካያችሁት "ድንገት ረበሸች" የሚባለው በየወሩ እንደሆነ ይገባችኋል፣ ያኔ የህመም ማስታገሻ እንጂ ቁጣ አያስፈልጋትም።

*ለወንዶች።* ማታ አልጋው ሲረጥብ ሽንት እንዳልሆነ፣ በሽታም እንዳልሆነ ንገሩት። ብልቱ ሲቆም ሰው መሀል ከሆነ ቦርሳውን ጭኑ ላይ አድርጎ ቁጭ ይበል፣ ያልፋል። ዲዮዶራንትና መላጨትም እዚሁ ይገባል፣ ጓደኛ የሚያሳጣው ብዙ ጊዜ ጠረን ነው።

*ራስን መነካካት።* ይሄ የሁሉም ወላጅ የዝምታ ጥያቄ ነው። መጀመሪያ ማሳከክ፣ ኢንፌክሽን ወይ የጠበበ ፓንት አለመሆኑን አረጋግጡ። ካልሆነ የተለመደ የሰውነት ነገር ነው፣ ዱላ አያቆመውም፣ ዱላ የሚያስተምረው መደበቅን ነው። እምነታችሁ የሚላችሁን ለልጃችሁ የማስረዳት መብት አላችሁ፣ ሆኖም እዚህ ጋ የግድ መማር ያለበት ቦታውን ነው። ሳትጮሁ፣ ፊታችሁን ሳትቀይሩ፣ "እዚህ አይደለም" ብላችሁ ወይ እጁን በሌላ ነገር አስይዙት ወይ ወደ መጋረጃው ውስጥ ምሩት። ሁልጊዜ ያው ምላሽ። ውሎ አድሮ ለውጥ ታያላችሁ፣ አንዱ እየሳቀ ሌላው እየተማታ ከሆነ ግን አታዩም።

7. ጤና ጣቢያ የሚጠየቁ ነገሮች

የማህጸን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት ኢትዮጵያ ውስጥ በ2011 ዓ.ም ሲጀመር ለ14 አመት ሴት ልጆች ነበር፣ በኋላ ከ9 እስከ 14 አመት ላሉትም ተሰጠ። በብዛት የሚሰጠው በትምህርት ቤት ስለሆነ ቤት የዋለች ልጅ ታልፋለች። ጤና ኤክስቴንሽኗን ወይ ጤና ጣቢያውን "የኔስ?" ብላችሁ ጠይቁ።

የሚጥል በሽታ መድሀኒት የምትወስድ ሴት የእርግዝና መከላከያ ከፈለገች ይሄን አንብቡልኝ፦ ፊኖባርቢታል፣ ፊኒቶይንና ካርባማዜፒን (ቴግሬቶል የሚባለው) በየቀኑ የሚዋጠውን እንክብል፣ ክንድ ላይ የሚቀበረውንና ድንገተኛውን ኪኒን ጭምር አቅማቸውን ያዳክሙታል። የሶስት ወሩ መርፌና ማህጸን ውስጥ የሚቀመጠው ሉፕ ግን በእነዚህ አይነኩም። ቫልፕሮኤት የሚባለው ሌላው የሚጥል በሽታ መድሀኒት ደግሞ ጽንስ ላይ ጉዳት ያደርሳል፣ ልጅ ልትወልድ ትችላለች ተብላ ለምትታሰብ ሴት ሀኪሙ በደንብ ሊያስብበት ይገባል። በራሳችሁ ግን አታቋርጡ፣ ድንገት ማቋረጥ ራሱ ገዳይ ሊሆን ይችላል። የወር አበባዋ የቀረ ልጅ ሪስፐሪዶን (ለረብሻና ለቁጣ የሚታዘዘውን) የምትወስድ ከሆነም ለሀኪሙ ንገሩ፣ መድሀኒቱ ሊያስቀረው ይችላል፣ እርግዝናም ሊሆን ይችላል፣ በግምት አይታለፍም።

አሁን አንድ ደስ የማይል ነገር። አንዳንድ ቤተሰብ ልጅቷን ለሶስት ወሩ መርፌ ይወስዳትና "አሁን ተረፍን" ብሎ ይተዋታል። መርፌው እርግዝናን ነው የሚከለክለው፣ ደፋሪን አይከለክልም፣ ኤችአይቪንም አይከለክልም። እንዲያውም ጥቃት ሲደርስባት የሚያጋልጠውን አንዱን ምልክት ይደብቃል። መከላከያ ለራሷ ጠቅሟት ትውሰድ፣ ምን እንደሆነ በሚገባት መልክ ተነግሯት። እስከመጨረሻው እንዳትወልድ ማህጸን ስለማስቋጠር የሚያስቡም አሉ። ኢትዮጵያ በ2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ኮንቬንሽን አንቀጽ 23 የመውለድ አቅማቸው ከሌላው ሰው እኩል እንዲጠበቅላቸው ይላል፣ ህጻናትም ቢሆኑ። የዳውን ሲንድሮም ያለባቸው ሴቶች ማርገዝ እንደሚችሉም ብዙ ሰው አያውቅም፣ ይችላሉ።

8. የሆነ ነገር ከደረሰ

ድንገት አንድ ሰው ስታይ የምትደበቅ፣ ሽንት መልቀቅ የጀመረ፣ ልብስ አላወልቅም የሚል፣ ያልነበረ የወሲብ ጨዋታ የሚጫወት፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ብር ወይ ከረሜላ የያዘ ካለ ነገሩን ተከታተሉ። ከነገራችሁ ተረጋጉ። "ምን ሆነ?" በሉ፣ "እገሌ ነው አይደል?" አትበሉ፣ ቃል በአፏ አታስገቡ። ያለችውን ልክ እንዳለችው ጻፉ። ዘመድ በተሰበሰበ ቁጥር አታስደግሟት።

አታጥቧት። ልብሷን በፌስታል ሳይሆን በወረቀት ከረጢት አድርጋችሁ ወዲያው ወደ ህክምና። ኤችአይቪ መከላከያው በ72 ሰአት ውስጥ መጀመር አለበት፣ የድንገተኛ እርግዝና መከላከያው እስከ 5 ቀን ቢሆንም በቶሎ ሲወሰድ ነው የሚሻለው። አዲስ አበባ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሀኪሙም፣ ፖሊሱም፣ አቃቤ ህጉም፣ የስነልቦና ባለሙያውም አንድ ላይ የሚገኙበት ማእከል አለ። ሽማግሌ ይመጣል፣ "ስሟ ይጠፋል፣ በእርቅ ይለቅ" ይላል። ይሄ በእርቅ የሚያልቅ አይደለም፣ የ1996ቱ የወንጀል ህግ አንቀጽ 620 የድርጊቱን ምንነት መረዳት ወይም መከላከል የማትችል ሴትን መድፈር ከባድ አድርጎ ከ5 እስከ 20 አመት ያስቀጣል። ወንዶች ልጆችም ይጠቃሉ፣ እነሱ ላይ ደግሞ ዝምታው ይብሳል።

9. ፍቅር፣ ስልክ፣ ትዳር

ጥበቃ ብቻ ካስተማርን የምናሳድገው ሰው የሚፈራ ሰው ነው። ፍቅር ይይዛቸዋል፣ ጓደኛ ይፈልጋሉ፣ ብቸኝነቱም ያማቸዋል። በመጀመሪያ ሰው የሚያገኙበት ቦታ ፈልጉ፣ በአዲስ አበባ እንደ ጆይና ነህምያ ያሉ የኦቲዝም ማእከላትና ለዳውን ሲንድሮም የሚሰራው ዲቦራ ፋውንዴሽን ቤተሰብን ከቤተሰብ ያገናኛሉ፣ የቤተክርስቲያን መዘምራን ቢሆን፣ የስፖርት ቡድን ቢሆን ይሆናል።

ለወንዶቹ አንድ ህግ በግልጽ፦ አንዴ ጠይቅ፣ እምቢ ካለችህ በቃ፣ ዝም ካለችህም በቃ። የኛ ሰው "ሴት ልጅ መጀመሪያ እምቢ ትላለች" ይላል፣ ኦቲዝም ያለበት ልጅ ይሄን ቃል በቃል ነው የሚወስደው፣ 20 ጊዜ ይደውላል፣ በሯ ላይ ይቆማል፣ መጨረሻው ፖሊስ ጣቢያ ነው። ሰላም ማለትና መውደድ የተለያዩ እንደሆኑ በምሳሌ አሳዩት፣ ባለ ሱቋ የምትስቀው ለሁሉም ደንበኛ ነው።

ስልክ ላይ ሶስት "አይላክም" ይበቃል፦ ራቁት ፎቶ አይላክም፣ የቴሌብር ፒን አይላክም፣ በአካል ለማናውቀው ሰው ብር አይላክም። ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ "ፍቅርዬ" ብሎ ከጀመረ ሁለተኛ መልእክቱ የካርድ ሙላልኝ ነው ብዙ ጊዜ። ብሎክ ማድረግን በእጃቸው አስለምዷቸው፣ ስልኩን ቀምታችሁ አትገላገሉም።

አሜሪካ ያላችሁ፣ ልጃችሁ 16 ሲሞላው አይኢፒው (ትምህርት ቤቱ ለሱ ለብቻው የሚያወጣለት የትምህርት እቅድ) ውስጥ ወደ አዋቂነት የሽግግር እቅድ መግባት አለበት፣ እዛ ላይ የጓደኝነትና የራስን ደህንነት መጠበቅ ግብ እንዲጨመር ጠይቁ፣ በአስተርጓሚ ጭምር። 18 ሲሞላው ደግሞ በአብዛኛው ግዛት በህግ ራሱን የቻለ ሰው ነው፣ ሀኪሙ ያለሱ ፈቃድ ላያናግራችሁ ይችላል፣ ስለዚህ ሙሉ ሞግዚትነት (በሱ ፈንታ የመወሰን ስልጣን) ከመጠየቃችሁ በፊት እሱ ራሱ እየወሰነ እናንተ የምታግዙበት መንገድ እንዳለ ጠይቁ።

ትዳር። የተሻሻለው የቤተሰብ ህግ የሚጠይቀው 18 አመትና የሁለቱን ነጻ ፈቃድ ነው። አካል ጉዳት በራሱ አይከለክልም፣ ፍርድ ቤት በራሱ ጉዳይ እንዳይወስን የከለከለው ሰው ብቻ የፍርድ ቤቱን ፈቃድ ይፈልጋል። ችግሩ ህጉ ላይ አይደለም፣ "ትዳር ሲይዝ ይሻለዋል" ብሎ የልጁን ሁኔታ ደብቆ ከገጠር ሚስት የሚያመጣ ቤተሰብ ላይ ነው። ያ ትዳር አይደለም፣ ደሞዝ የሌላት ተንከባካቢ መቅጠር ነው፣ ልጅቷም ስታውቅ ትሄዳለች ወይ ትሰበራለች።

የእውነት ተዋደው ከሆነ ግን ሁለቱን ለየብቻ አነጋግሯቸው፣ ወላጅ በሌለበት፣ የሚያምኑት ሰው ይጠይቃቸው። አብሮ መተኛት ምን እንደሆነ፣ ልጅና በሽታ እንደሚያመጣ፣ ዛሬ እሺ ብሎ ነገ እምቢ ማለት እንደሚቻል በራሳቸው አነጋገር ያስረዱ እንደሆነ ስሙ፣ በተጠና መልስ ሳይሆን። ኤችአይቪ ምርመራውን አብረው ይሂዱ። ከሰርጉ በፊት ለተወሰኑ ወራት የቤት ኪራይ፣ መብራትና አስቤዛ በወረቀት እየያዙ ይለማመዱ፣ መድሀኒት ማን እንደሚያስታውስ፣ ሲጣሉ ለማን እንደሚደውሉ ይጻፍ። የሚደወልላቸው ሰዎች ሁለት ይሁኑ፣ አንዱ ከሷ ወገን አንዱ ከሱ።